የግል የሥዕል ዐውደ ርዕይና የወረዳ ከተማ አዳራሽ፦ ከጫጫ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ጫጫ፣ በሰሜን ሸዋ ዞን የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። ነዋሪው ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የሚመላለስባቸው ጉዳዮች የታወቁ ናቸው፤ የመሬት ይዞታ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የልደት ምዝገባ፣ የማዳበሪያ አቅርቦት። ሥዕል ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ግን ብርቅ ነው። ይህ የሚሆነው በየወረዳ ከተማው የሚሥል ሰው ጠፍቶ አይደለም። የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚያስጌጥ፣ በሥነ ጥበብ ተመርቆ ወደ ትውልድ ቀዬው የተመለሰ ወጣት በየስፍራው አለ። የጠፋው፣ እጅ ላይ ያለ ሥራ በምን መንገድ ለሕዝብ እንደሚቀርብና በየትኛው ሰነድ እንደሚጠበቅ የሚያመለክት መረጃ ነው።

ጥያቄው በዚህ ወቅት ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። ኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ባለፉት አሥር ዓመታት በግል ዐውደ ርዕዮቻቸው በዓለም መድረክ ላይ ቀድሞ ባልነበረ ስፋት ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በ60ኛው የቬኒስ ቢዬናሌ የራሷን ብሔራዊ ማሳያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍት፣ በፓላሶ ቦላኒ የቀረበው የአንድ ሰው ሥራ፣ የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቬኒስና ጫጫ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነሣታቸው የሚያስፈግገው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከሚታሰበው ያጠረ መሆኑን የሀገሪቱ የሥዕል ታሪክ ራሱ ያሳያል።

የጋራ ዐውደ ርዕይና የግል ዐውደ ርዕይ በባሕርያቸው ይለያያሉ። በጋራ ዐውደ ርዕይ ሠዓሊው በሁለትና በሦስት ሥራ ይወከላል፤ ተመልካቹም ሥዕሉን እንጂ ሠዓሊውን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። በግል ዐውደ ርዕይ ግን አንድ ሰው የብዙ ወራት ወይም የዓመታት ሥራውን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ፣ በስሙ ለፍርድ ያቀርባል። በዚያ አጋጣሚ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይፈጸማሉ። ሥራው ስምና ዓመት ያገኛል፤ ዋጋ ይወጣለታል፤ የማን እንደ ሆነም በሕዝብ ፊት ይታወቃል። ስለዚህ የግል ዐውደ ርዕይ ከክብረ በዓልነቱ ይልቅ የምስክር ወረቀትነቱ ይበልጣል። በኋላ ዘመን አንድ ሥዕል ቢሰረቅ፣ ቢገለበጥ ወይም በሐሰት ስም ቢሸጥ፣ ባለቤቱ ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች አንዱ የዚያ ቀን ዝርዝር ነው።

የሰሜን ሸዋ አንባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው በ1932 በአንኮበር ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከዚያች ተራራማ ከተማ ተነሥቶ፣ ገና በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ ሀገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር። ዝንባሌው ሌላ ሆኖ በመገኘቱ በለንደን ሥነ ጥበብ ተማረ። ወደ ሀገሩ ሲመለስም በ1954 የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕይ በአዲስ አበባ አቀረበ። የቀረበበትም ስፍራ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር።

ይህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል፤ መታለፍ ግን አልነበረበትም። ኋላ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት የሠራው፣ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በሥነ ጥበብ ዘርፍ የተቀበለው ሰው ሥራውን በስሙ ለወገኖቹ ማሳየት የጀመረው፣ ከንቲባው ስብሰባ በሚመራበትና የከተማው ነዋሪ ለጉዳዩ በሚገባበት ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ነው። የግል ጋለሪ የሚባል ነገር በከተማዪቱ ገና አልተለመደም ነበር። አዳራሽ ነበር፤ ግድግዳ ነበር፤ የሚፈቅድ ኃላፊም ነበር። የጎደለ ነገር ቢኖርም ሥራውን ለማሳየት ያ በቂ ሆነ።

ከአፈወርቅ በኋላ የመጡት መንገዱን አሰፉት። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ ተምሮ ተመልሶ የመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጨረሻ ተከፈተ። በሐረር የተወለደውና በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1963 በአዲስ አበባ ያሳየው የግል ዐውደ ርዕይ፣ ሰውንና ዕቃን እንደ መልኩ ከማሳየት ይልቅ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገሩ ሥዕሎችን ስለ ያዘ ክርክር አስነሣ። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ከፓሪስ ተነሥቶ ሥራው በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለመገዛት የበቃው በዚያው በ1960ዎቹ ነው። ሁለቱም በተመለሱ ጊዜ ያስተማሩት በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ነበር።

የገብረ ክርስቶስ ዕጣ ለዛሬ አንባቢ ሌላ ትምህርት ይዟል። በ1981 በአሜሪካ በስደት ሳለ ዐረፈ። በጀርመን ሀገር የቆዩ ሥዕሎቹ ተሰብስበው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱትና በስሙ በተሰየመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚተዳደረው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ የበቁት ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። እነዚህ ሥዕሎች ሊመለሱ የቻሉት የማን እንደ ሆኑ የሚያውቅና የት እንዳሉ የያዘ ወገን ስለ ነበረ ነው። ዝርዝር ያልተያዘለት ሥዕል እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ በሰው ሳሎን ውስጥ ስም አልባ ሆኖ ይቀራል።

ወደ አሁኑ ዘመን ስንመለስ የለውጡ ምልክቶች ግልጽ ናቸው። በ2016 በአዲስ አበባ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት የተባለው ጋለሪ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በለንደንም ማሳያ በመክፈት የኢትዮጵያ ሠዓልያንን ሥራ ለዓለም ገበያ ማቅረብ ቻለ። ከወከላቸው አንዱ በ1953 በወልዲያ የተወለደው፣ ለብዙ ዓመታት በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ታደሰ መስፍን ነው። ታደሰን በውጭ ሀገር ያስታወቁት ሥዕሎች የሚያሳዩት ነገሥታትን ወይም ጦርነትን አይደለም፤ የጉልት ነጋዴ ሴቶችን ነው። እህል፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ዘርግተው የሚውሉ እናቶች በሸራው ላይ እንደ ምሰሶ ረጅምና ጽኑ ሆነው ይቆማሉ። በቬኒስ የቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ የዚሁ መምህር ተማሪ ነበር፤ ከዚያም በጀርመን ሽቱትጋርት ትምህርቱን ቀጠለ፤ በ2018 በፍሎረንስ ኡፊዚ ሥራውን ለብቻው አሳየ። ኤልያስ ስሜ በበኩሉ ከመርካቶ የሚገዛቸውን የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች፣ ሽቦና የኮምፒዩተር ሰሌዳ እየገጣጠመ የሚሠራቸውን ሰፋፊ ሥራዎች በአሜሪካ ሙዚየሞች በግል ዐውደ ርዕይ አቅርቧል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየምም በ2019 በአዲስ አበባ ተከፍቷል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ የወልዲያው ልጅ ርእሰ ጉዳዩን ያገኘው በየትኛውም የገጠር ከተማ ገበያ ከሚታየው ሕይወት መሆኑ ነው። የጫጫ ገበያ ከዚህ አያንስም። የደጋው ገብስና ባቄላ፣ የበግ ነጋዴው፣ ከመንዝ በኩል የሚመጣው የሱፍ ባና፣ በብርድ የተከናነበው ገበያተኛ ሁሉ ለሚያይ ዓይን ሥዕል ነው። ሁለተኛው፣ ሁሉም ሠዓልያን ለሕዝብ የበቁት በአንዲት ከተማ በር በኩል ማለፋቸው ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ሙዚየሙ፣ የግል ጋለሪዎቹ፣ የጀርመኑ የጎተ ኢንስቲትዩትና የፈረንሳዩ አሊያንስ የመሰሉ የውጭ ባህል ተቋማት አዳራሾች በአዲስ አበባ ተሰብስበዋል። ለጫጫ ሠዓሊ ይህ ማለት፣ ሸራ ጠቅልሎ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ፣ በማያውቀው ሰው በር መቆም፣ ብዙ ጊዜም ሥራውን ያለ ደረሰኝ ጥሎ መመለስ ነው።

የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በዚሁ በመጨረሻው ላይ ነው። ሥዕል በአደራ ለሽያጭ ሲሰጥ፣ ጋለሪው ወይም የስጦታ ዕቃ መደብሩ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል። በዓለም ገበያ ታዋቂ ጋለሪዎች የሚይዙት ድርሻ እስከ ግማሽ መድረሱ የተለመደ ነው። ይህ ብዙ ቢመስልም፣ ጋለሪው ለአዳራሽ፣ ለካታሎግ፣ ለመድንና ለማጓጓዣ የሚያወጣው ወጪ ካለ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ችግሩ የድርሻው መጠን ሳይሆን በጽሑፍ አለመስፈሩ ነው። በቃል የተስማማ ሠዓሊ፣ ሥዕሉ መቼ እንደ ተሸጠ፣ በስንት እንደ ተሸጠና ለማን እንደ ሄደ የሚጠይቅበት ሰነድ የለውም።

ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ሥዕል በ2023 በሶዝቢስ ጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ በማውጣት፣ በአፍሪካ ለተወለደ ሠዓሊ እስከዚያን ጊዜ በጨረታ የተመዘገበ ከፍተኛ ዋጋ ሆኖ ተዘግቦ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ዜና የሚሰማ ሰው ገንዘቡ ለሠዓሊዋ የገባ ይመስለዋል። የጨረታ ሽያጭ ግን ቀድሞ የገዛ ሰው የራሱን ንብረት መልሶ የሚሸጥበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገሮች ከእንዲህ ያለ ዳግም ሽያጭ ለሠዓሊው እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ክፍያ እንዲታሰብ በሕግ ደንግገዋል፤ በአሜሪካ ግን በፌዴራል ደረጃ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሠዓሊ ወሳኙ የመጀመሪያው ሽያጭ ነው፤ ለዚያም የሚዘጋጀው ውል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ለሠዓሊው ይቆማል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደ ተሻሻለው፣ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና መሰል ሥራዎችን ይጠብቃል። የመብቱ መነሻ ሥራው መፈጠሩ ነው። ሠዓሊው መብቱን ለማግኘት አስቀድሞ መመዝገብ፣ ፈቃድ ማውጣት ወይም አዲስ አበባ መሄድ አይጠበቅበትም፤ የሥራው ጥራት ወይም የተሠራበት ዓላማም መለኪያ አይሆንም። ኢኮኖሚያዊ መብቱ በሠዓሊው የሕይወት ዘመንና ከዕረፍቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ይህ ማለት የአንድ ሠዓሊ ልጆችና የልጅ ልጆች በወላጃቸው ሥራ ላይ የሚጠይቁት ነገር አለ ማለት ነው፤ ውርስ በሚጣራበት ጊዜ ቤትና ከብት ሲቆጠር ይህ መብት ሲዘነጋ ይታያል።

ከዚህ አዋጅ ውስጥ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ቅርብ የሆነው ነጥብ፣ ሸራውን መግዛትና የሥዕሉን የቅጅ መብት መግዛት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ አንድ ሆቴል ከአንድ ሠዓሊ ሥዕል ገዝቶ በእንግዳ መቀበያው ቢሰቅል መብቱ ነው። ያንኑ ሥዕል በዓመት መጨረሻ በሚያድለው የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ ካሳተመው፣ ወይም ቲሸርት ላይ አትሞ ከሸጠው ግን የሠዓሊው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኢኮኖሚያዊው መብት ሲተላለፍም ሆነ በፈቃድ ሲሰጥ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠራና ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይቀየር የመጠየቅ የሞራል መብቱ ደግሞ በሕይወት ሳለ ለሌላ የሚተላለፍ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከሆነ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ኢኮኖሚያዊው መብት የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ለመሥሪያ ቤት ግድግዳ የሚሥል፣ ለፋብሪካ ምልክት የሚነድፍ ወይም ለትምህርት ቤት ግቢ ሥዕል የሚሠራ ባለሙያ መብቱን ማስቀረት ከፈለገ፣ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የሚነሣ ቅሬታ ፍትሐዊ ቢመስልም ብዙ ርቀት አይሄድም።

ሥዕሉን ወደ ውጭ ሀገር የሚልክ ወይም ለውጭ ጎብኚ የሚሸጥ ሠዓሊ ሌላም ጉዳይ ይገጥመዋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ይከለክላል። አዲስ ሥዕል ቅርስ ባይሆንም፣ በጉምሩክ ፍተሻ ላይ አዲስ መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ በተለይም በብራና ላይ ወይም በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ስልት የተሠራ ከሆነ። ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ማውጣት ገዢውንም ሠዓሊውንም ከአየር ማረፊያ እንግልት ያድናል። በዚህም ጊዜ የዐውደ ርዕዩ ዝርዝር፣ ሥዕሉ መቼና በማን እንደ ተሠራ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ወደ አዳራሹ እንመለስ። በወረዳ ከተማ ያለ የስብሰባ አዳራሽ፣ የወጣቶች ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጋለሪ ለመሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። ሥዕል በሚስማር ከተወጋ ግድግዳ ይልቅ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ወይም አግዳሚ እንጨት ላይ ቢንጠለጠል አዳራሹም ሥዕሉም አይጎዱም። ከመስኮት በቀጥታ የሚገባ የከሰዓት ፀሐይ የውሃ ቀለምን ያደበዝዛል፤ በክረምት ወራት የደጋ ግድግዳ የሚያወጣው እርጥበት ደግሞ ሸራን ያሻግታል። በመሆኑም ለጫጫና ለደብረ ብርሃን ዓይነት አየር ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል፤ መኸር የሚሰበሰብበት፣ ገበያው የሚደምቅበት፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ለገናና ለጥምቀት የሚገኝበት ጊዜም ነው። ዐውደ ርዕዩ በገበያ ቀን ከተከፈተ ተመልካቹ በእግሩ ይመጣል።

ማን ይገዛል የሚለው ጥያቄ በቅንነት መመለስ አለበት። በወረዳ ከተማ በሚቀርብ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕይ ብዙ ሽያጭ መጠበቅ አይገባም። ሠዓሊው የሸራና የክፈፍ ወጪውን ላይመልስ ይችላል። ይህን ሸፍኖ መናገር ለማንም አይጠቅምም። ትርፉ የሚገኘው በሌላ በኩል ነው፤ ሠዓሊው ወደ አዲስ አበባ ጋለሪ በር ሲደርስ ባዶ እጁን አይደርስም። ፎቶግራፍ የተያዘለት፣ ቀንና ቦታ የተጻፈለት፣ ሕዝብ ያየው ሥራ ይዞ ይቀርባል። የጋለሪ ኃላፊ ከአዲስ ሠዓሊ አስቀድሞ የሚጠይቀውም ከዚህ ቀደም የትና መቼ እንዳሳየ ነው።

የአካባቢውን መልክ ማን ሠራው የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንጎለላን አንዱ መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ሸዋ የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሀገሩን መልክዓ ምድርና ሰው ሥሎ በ1852 በለንደን አሳተመ። ስለዚያ ዘመን ሸዋ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዛሬም የሚገልጠው እነዚያን ሥዕሎች ነው። ሥራው በጎ ነው፤ ዓይኑ ግን የእንግዳ ነው። ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ በተወለዱባት በአንጎለላ ዙሪያ ያደገ ሰው ያንኑ ሜዳና ያንኑ ገደል ሲሥል ምን እንደሚታየው ገና በአግባቡ አልታየም።

በወረዳው አዳራሽ ሥራውን ለማሳየት የሚፈልግ ሠዓሊ ለሚመለከተው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጥያቄውን በጽሑፍ ሲያቀርብ፣ የእያንዳንዱን ሥዕል ርእስ፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የተጠቀመበትን ቀለምና ጨርቅ፣ ቁመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ የሚጠይቀውን ዋጋ ወይም «ለሽያጭ አይቀርብም» የሚለውን ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ቢያያይዝ ጉዳዩን ያቀላል። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ቀንና ፊርማ ያረፈበት ዝርዝር አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በሠዓሊው እጅ ይቀመጣል። በአደራ ለሌላ ሰው ለሽያጭ የሚሰጥም ከሆነ፣ በዚያው ወረቀት ግርጌ የተረካቢው ስም፣ የሽያጭ ድርሻው በመቶኛ፣ ያልተሸጠው ሥዕል የሚመለስበት ቀንና ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን ይጻፋል።